ተማሪውና የማይረጋው ውሃ

አንድ ወጣት ከዩኒቨርሲቲ የምርምር ቤት ሲገባ ታማኝነቱ ለማን ይሁን? ላስገባው መምህር ነውን፣ ወይስ በዓይኑ ለሚያየው ነገር? ጥያቄው የሚከብደው መምህሩ በእውነት ታላቅ ሲሆን ነው። ካላዋቂ አለቃ ጋር በሐሳብ መለያየት ድፍረት ብቻ ይበቃዋል፤ ከሊቅ ጋር መለያየት ግን ራስን መጠርጠር ያስከትላልና።

በጀርመን አገር በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ የውሃንና የአየርን አፈሳሰስ ይመረምር የነበረው ሉድቪግ ፕራንትል እንዲህ ያለ ሊቅ ነበር። ውሃ በአንድ ጠጣር አካል ላይ ሲያልፍ የመተሻሸቱ ኃይል የሚጎላው ከአካሉ ገጽ በተጠጋ እጅግ ስስ ሽፋን ውስጥ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1904 አስረዳ። ካርል ሂሜንትስ ለተባለው ተማሪው የተሰጠው ሥራም ይህንኑ የሚፈትን ነበር፤ በውሃ ቦይ ውስጥ አንድ ድቡልቡል ዓምድ አቁሞ፣ በዙሪያው ያለውን ግፊት መለካትና ፍሰቱ ከዓምዱ ገጽ የሚላቀቅበትን ስፍራ ማግኘት።

ለዚህም ውሃው ጸጥ ብሎ መፍሰስ ነበረበት። እርሱ ግን ከዓምዱ በስተኋላ ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር። ተማሪው ይህን ቢናገር፣ ዓምዱ በትክክል ክብ ባይሆን ነው ተባለ። ዓምዱን በብዙ ጥንቃቄ አስተካከለ፤ ውሃው ተወዛወዘ። እንግዲያስ ቦዩ ወደ አንድ ወገን ያደላ ይሆናል ተባለ። ቦዩንም አቃና፤ ውሃው አሁንም ተወዛወዘ። በዚያው ቤት ረዳት የነበረው ቴዎዶር ፎን ካርማን ኋላ እንደ ተረከው፣ በየጧቱ ፍሰቱ ረጋ ወይ እያለ ይጠይቀው ነበር፤ ተማሪውም እያዘነ፣ እንደ ተወዛወዘ ነው ብሎ ይመልስ ነበር።

እኛን የሚያስደንቀን ይህ መልስ ነው። መምህሩ ማዘዙ አልተሳሳተም፤ የእጅ ሥራ ጉድለት ከተፈጥሮ ምሥጢር ይልቅ ዘወትር የቀረበ ምክንያት ነውና። ተማሪውም መታዘዙ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከሁለተኛው እርማት በኋላ «ትንሽ ተሽሎታል» ማለት እንዴት በቀለለው! በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት የምንጽፍ ሰዎች ይህችን ቃል በሚገባ እናውቃታለን። እርሱ እጁን ለመምህሩ ሰጠ፤ ዓይኑን ግን አልሰጠም።

ካርማንም መወዛወዙ የውሃው የራሱ ጠባይ መሆን አለበት ብሎ ስሌት ጀመረ። ከዓምዱ ኋላ የሚወጡት አዙሪቶች በሁለት ረድፍ ጎን ለጎን ቢሄዱ ሥርዐታቸው ይፈርሳል፤ እየተፈራረቁ ሄደው፣ የረድፎቹ መራራቅ በአንድ ረድፍ ላይ ባሉ ሁለት ተከታታይ አዙሪቶች መካከል ካለው ርቀት 0.281 እጅ ሲሆን ግን ይጸናሉ። ይህንም እ.ኤ.አ. በ1911 አሳተመ። ረጃጅም የጭስ ማውጫዎች በነፋስ እንዳይወዛወዙ የሚያስቡ መሐንዲሶች ዛሬም ይህን አዙሪት ይቈጥራሉ።

አዙሪቱ የሚጠራው በካርማን ስም ነው፤ ምንም እንኳ ፈረንሳዊው አንሪ ቤናር ቀድሞ ተመልክቶት ቢሆንም። እኛ ካርማን የተማሪውን ክብር ቀማ አንልም፤ ስሌቱ የራሱ ነውና። ሂሜንትስም ባዶ እጁን አልቀረም፤ ውሃ ከአካል ፊት ተጋጭቶ ወዲያና ወዲህ የሚከፈልበትን ፍሰት በዚያው ዓመት አስልቶ በስሙ ተጠርቶለታል። የዓምዱ ፊት ለተማሪው ተሰጠ፤ በየጧቱ እያየ የመሰከረለት የኋላው ግን የሌላ ሰው ስም ይዞ ቀረ።