ከዶሮዋ በፊት ጥሬዋን ቁጠሪ

ልጄ፣ ከቡና ሽያጭሽ ያጠራቀምሻትን ገንዘብ ዶሮ ልገዛባት ነው ማለትሽን ሰማሁ። ሐሳብሽ መልካም ነው፤ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ቤት ተከራይታ ልጅ ለምታሳድግ ሴት ከደጇ እንቁላል ማንሳት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ገበያ ወጥተሽ የጠየቅሽው የዶሮዋን ዋጋ ብቻ ነው፤ የሚከብደው ወጪ ዶሮዋ ቤት ከገባች በኋላ ነው የሚመጣው። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል። ባለቤቷም ስለ እንቁላሉ ከማለሟ በፊት ስለ ጥሬው ብታስብ ይሻላታል።

እንቁላል ጣይ የሆነች የፈረንጅ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ለአንዲት ዶሮ ሲሰሙት ትንሽ ነው። 10 ዶሮ ያላት ሴት ግን በዓመት 420 ኪሎ ያህል ታወጣለች፤ እዚህ ጁዋል በሚሉት ትልቅ ጆንያ ሲሰፈር ከአራት ይተርፋል። በየትም አገር ከዶሮ እርባታ ወጪ አብዛኛውን የሚወስደው መኖ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ረከሰ ብለሽም አትቸኩዪ። እንቁላል እስክትጀምር አምስት ወር ያህል ትቀለባለች፤ እስከዚያ ድረስ ሰባት ኪሎ ገደማ ትጨርሳለች። በመካከሉ የሞተችውም የበላችውን ይዛ ነው የምትሄደው። ለዚህ ብለሽ ብድር ውስጥ ብትገቢ፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ያ ነው።

ሂሳብሽን በሱዳን ፓውንድ አትሥሪው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ገንዘቡ ዋጋው እየወረደ ነው፤ ዛሬ በደብተርሽ የጻፍሽው ዋጋ ከወር በኋላ አይጠቅምሽም። በማሽላ ቁጠሪ፣ በዚህ አገር የእህል መስፈሪያ በማልዋ። ዶሮዎቹ በሳምንት ስንት ማልዋ ማሽላ በሉ? የሸጥሽው እንቁላል ስንት ማልዋ ይገዛል? ሁለተኛው ከመጀመሪያው ካነሰና ይህም ወር ከወር ከቀጠለ፣ ዶሮዋን ብትወጃትም ሽጫት።

አገሩ የማሽላ አገር መሆኑ ያግዝሻል። ማሽላ የሚረክሰው አዝመራው ተሰብስቦ የእህል ገበያው ሱቅ አልመሕሱል ሲሞላ ነው፣ በታኅሣሥና በጥር። በሐምሌና በነሐሴ ከገዛሽ የነጋዴውን የጎተራ ኪራይ ጭምር ትከፍያለሽ። ስለዚህ ዶሮ ከመግዛትሽ በፊት የዓመቱን እህል ግዢ። ጆንያውን መሬት ላይ አታሳርፊው፤ ከሥሩ ግንዲላ አድርጊለት። የሻገተ እህል «ለዶሮ ይሆናል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ሻጋታ ሰውን የሚጎዳውን ያህል ዶሮንም ጉበቷን ያበላሻል። ማሽላ ብቻውን የሚበቃ ምግብም አይደለም። ሰሊጥ ሲጨመቅ የሚቀረውን ፋጉሎ፣ እዚህ አምባዝ የሚሉትን፣ ጥቂት ቀላቅይበት። የእንቁላሉ አስኳል ነጣ ብሎ ከወጣ አትደንግጪ፤ ማሽላ ቢጫ ቀለም ስለሌለው ነው፤ ቅጠላ ቅጠል ስታበያት ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የፈረንጅ ዶሮ እዚህ አገር ጠላቷ ሙቀት ነው። በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ገዳሪፍ 40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። ዶሮ ላብ የላትም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን መብላት ትቀንሳለች፤ ስታለከልክ ደግሞ የእንቁላሉ ቅርፊት የሚሠራበት ነገር ከደሟ ስለሚጎድል ቅርፊቱ ይሳሳል፤ እንቁላሉ ሳይሸጥ ይሰበራል። ከ40 ሲያልፍ የከበደችው ቀድማ ትሞታለች። ካርቱም ዙሪያ የነበሩት ትልልቅ እርባታዎች ይህን የሚያልፉት ማቀዝቀዣ ባለው ቤት ነበር። አንቺ ቆርቆሮ ሥር ልታስቀምጫት ከሆነ የገዛሽው ለሞት ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ምክሬ ይህ ነው፤ አምስት የአገር ዶሮና አንድ አውራ ይዘሽ ጀምሪ። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ ብዙ አይደለም። ግን ቀን ራሷ ጭራ ትለቅማለች፤ ማታ አንድ አንድ እፍኝ ማሽላ ስትሰጫት ይበቃታል። አምስቱም በዓመት ከአንድ ጁዋል በታች ይበላሉ። ሙቀቱን ተወልዳበታለች፤ ጫጩቶቿንም ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች። ከግዢው የተረፈሽን ገንዘብ ለጥላ አውጪው፤ ከሣርና ከእንጨት የተሠራ ዳስ ከቆርቆሮ ይሻላል። በክረምት መረሬው ይጨቀያልና ቆጧ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ጭቃ ውስጥ ያደረ ጫጩት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል። ውሃዋን በሸክላ ሳህን ከጥላ ሥር አኑሪ፤ በግንቦት ቀን ሁለቴ ሦስቴ ቀይሪላት። የምትተኙበት ክፍል ውስጥ ግን አታሳድሪያት፤ የሚድህ ልጅ አለሽ፣ ኩሷ ሆድ ያሳምማል። ማስታቀፉን ዝናቡ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር አድርጊው፤ በሚያዝያ የተፈለፈለ ጫጩት አያድግም።

ፈንግል የሚባለውን በሽታ ሳልነግርሽ ብቀር ምንም እንዳልነገርኩሽ ይቆጠራል። ደጃፍ ሙሉ ዶሮ በሳምንት የሚጨርሰው እሱ ነው፤ ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም። ክትባቱ ግን አለ። ቢሾፍቱ የሚመረት፣ ሙቀትን የሚችል ዓይነትም አለ፤ በዓይን ጠብታ ይሰጣል፣ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። እዚህ ከተማም የእንስሳት ሐኪም ጠይቂ። አንድ ብልቃጥ ለአምስት ዶሮ የሚወጣ አይደለም፤ ለብዙ ዶሮ ነው የሚዘጋጀው፣ ከተከፈተም አይቆይም። ስለዚህ ሱዳናውያን ጎረቤቶችሽንም ሐበሾቹንም አሰባስቢ፣ ዋጋውን ተካፈሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና፤ ደግሞስ የአንቺ ተከትቦ የጎረቤትሽ ካልተከተበ በሽታው ከሰፈሩ መች ይወጣል? ከገበያ የገዛሻትን፣ በተለይ በመተማና በገላባት በኩል የመጣችውን፣ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆይተሽ ነው ከሌሎቹ ጋር የምትቀላቅያት።

የመሸጫ ጊዜሽን ደግሞ በሁለት አቆጣጠር ያዥው። አገር ቤት ዶሮ የሚያረባ ሰው ሁዳዴ ሲገባ እጁ ይታሰራል፤ 55 ቀን ሙሉ እንቁላል የሚገዛው ይጠፋል። እዚህ ግን ጎረቤቶችሽ ሙስሊሞች ናቸው፣ በጾማችን እንቁላል ይገዙሻል። የእኛ ሰዎች ደግሞ ለፋሲካ፣ ለገናና ለእንቁጣጣሽ አውራ ዶሮ ፍለጋ ይዞራሉ። ለሁለቱም ስትሸጪ በሕይወቱ ሽጪው፤ እያንዳንዱ በሃይማኖቱ ይባርከው። ቄብ ለመግዛት ካሰብሽ በሁዳዴ አጋማሽ ግዢ፤ የሚሸጡ ሐበሾች ዋጋ የሚቀንሱት ያኔ ነው። ለፋሲካ የምታወጫቸውን አውራዎች ጾሙ ሲገባ ለይተሽ ቀልቢያቸው፤ በቤትሽ የምትበሉትንም ከእነሱ ጋር አስቢው፣ ልጆችሽ በበዓል ቀን የሌላውን ድስት እያዩ እንዳይውሉ።