ምች፣ ኒካሕ እና አማና፦ ስለ ከንፈር ሄርፒስ ከትዳር አጋር ጋር መነጋገር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



የዛሬው ርዕስ አንዳንዶቻችንን ሊያሳፍር ይችላል። ነገር ግን በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ስም ሳይጻፍባቸው ከሚመጡ ጥያቄዎች መካከል ሁለት ዓይነቶቹ ይደጋገማሉ። አንደኛው «ከንፈሬ ላይ በየጊዜው የሚወጣ ቁስል አለ፤ ከኒካሕ በፊት መናገር አለብኝ ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «እጮኛዬ ከንፈር ላይ ቁስል አየሁ፤ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ በዝሙት የሚመጣ በሽታ ነው የሚል አገኘሁ፤ ልተዋት?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ጠያቂ ፍርሃቱን ብቻውን ተሸክሞ ይኖራል። በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ደግሞ የአንዲት ሙስሊም እህት ክብር በግማሽ እውቀት ሊጎድፍ ነው። ሁለቱም ቀላል ነገር አይደሉም።

ሐያእ የኢማን ክፍል ነው። ሆኖም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያወደሱት፣ ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነበር። በዚህ መንፈስ እንነጋገር። እኔ ዓሊምም ሐኪምም አይደለሁም፤ ኢንጂነር ነኝ። በእኛ ሙያ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቁ በእርሱ ላይ መፍረድ አይፈቀድም። ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው፤ ከዚያ ዲናችን ምን እንደሚለን እንይ።

እናቶቻችን «ምች» የሚሉት

ብዙዎቻችን ልጆች ሳለን ትኩሳት ይዞን ከንፈራችን ላይ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ እብጠቶች ሲወጡ፣ እናቶቻችን «ምች መታህ» ብለው ከፀሐይ እንድንርቅ ነግረውናል፤ ያገኙትም ዳማ ከሴ ጨምቀው ሰጥተውናል። በሕክምናው ቋንቋ ያ የከንፈር ቁስል በአብዛኛው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ዓይነት 1 በሚባል ቫይረስ የሚመጣ ነው። እናቶቻችን ስለ ፀሐይ ያሉት ከእውነት የራቀ አልነበረም። ፀሐይ ቫይረሱን አትፈጥረውም፤ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የቆየውን ግን ትቀሰቅሰዋለች። ትኩሳት፣ ድካምና ጭንቀትም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ቫይረሱ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ የፊት ነርቮች በሚነሱበት ቦታ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። አብዛኛው ሰው ምንም ምልክት አያይም። የሚያይ ሰው መጀመሪያ ማሳከክና ማቃጠል ይሰማዋል፤ ከዚያ እብጠቶቹ ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ቅርፊት ይሠራሉ፤ ብዙውን ጊዜም በ2 ሳምንት ውስጥ ይድናሉ። ቫይረሱን ከሰውነት ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ክትባትም የለውም። እንደ አሲክሎቪርና ቫላሲክሎቪር ያሉ መድኃኒቶች ግን ገና ማሳከክ ሲጀምር ከተወሰዱ የቁስሉን ጊዜ ያሳጥራሉ። ቶሎ ቶሎ ለሚመላለስበት ሰው ሐኪም በየቀኑ የሚወሰድ ሊያዝለት ይችላል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለውናል፤ አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደም ነግረውናል። ሙሉ ፈውሱ እስኪገኝ ድረስ በእጃችን ባለው መጠቀም የዚህ ትእዛዝ አካል ነው።

ስንት ሰው አለበት? የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 ባወጣው ግምት፣ ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 3.8 ቢሊዮን ያህሉ፣ ማለትም 64 በመቶው፣ ይህ ቫይረስ አለበት። ለ2012 ባወጣው ግምት ደግሞ በአፍሪካ ከ50 ዓመት በታች ካሉት ውስጥ 87 በመቶው ነበረበት። በሌላ አነጋገር አሁን ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ አለባቸው፤ አያውቁትም እንጂ።

እንዴት ይተላለፋል?

ዋናው መንገድ ቁስሉን ወይም ምራቅን በቀጥታ መንካት ነው። አክስት የእህቷን ልጅ ስትስም፣ አያት ሕፃኑን ስታቅፍ፣ ልጆች በአንድ ኩባያ ሲጠጡ፣ እንዲህ ባለ ተራ የፍቅር ንክኪ ነው አብዛኛው ሰው በልጅነቱ የሚይዘው። ቁስሉ ባለበት ጊዜ የመተላለፍ ዕድሉ ከሁሉም ይበልጣል። ቁስል ሳይታይም ቫይረሱ አልፎ አልፎ በምራቅ ሊወጣ ይችላል። በመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ወይም በመዋኛ ውሃ ግን አይተላለፍም።

እዚህ ላይ የእኛ ትውልድ ከወላጆቻችን የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ወላጆቻችን በአብዛኛው በልጅነታቸው ይዟቸው አልፏል። አሜሪካና አውሮፓ ካደጉት ግን ብዙዎች ቫይረሱ ሳይነካቸው ለትዳር ዕድሜ ይደርሳሉ። ስለዚህ አንዱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ጥንድ በእኛ ዘንድ የበለጠ ያጋጥማል። መታወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ የከንፈሩ ቫይረስ በአፍ በሚደረግ ቅርርብ ወደ ብልት ሊተላለፍ ይችላል። ቁስሉ ካለ፣ ወይም ማሳከኩ ከጀመረ፣ ባልና ሚስት ሙሉ በሙሉ እስኪድን ድረስ መሳሳምንና አፍ የሚነካውን ቅርርብ ሁሉ ያቆዩ። ፎጣ፣ መፋቂያ፣ የከንፈር ቅባትና ኩባያ ለየብቻ ይሁን። ጉርሻውም ለጥቂት ቀን ይቅር። ቁስሉን የነካ እጅ ዓይን ከመንካቱ በፊት ይታጠብ፤ ቫይረሱ ዓይን ውስጥ ከገባ እይታን ሊጎዳ ይችላልና። በሙያችን ስጋትን ዜሮ ማድረግ እምብዛም አይቻልም፤ አንዱን ጥንቃቄ በሌላው ላይ እየደረቡ ይቀንሱታል። እዚህም እንደዚያው ነው።

ጥርጣሬ ወንጀል የሚሆንበት ቦታ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጠያቂ እንመለስ። ወንድሜ፣ በእጮኛህ ከንፈር ላይ ያየኸው ቁስል ስለ ያለፈ ሕይወቷ አንዳች አይነግርህም። ምናልባት የ4 ዓመት ልጅ ሳለች አያቷ ስማት ይሆናል። የደም ምርመራ ቢደረግም ቫይረሱ መኖሩን ያሳያል እንጂ መቼ፣ ከማን፣ በምን መንገድ እንደመጣ አያሳይም። በትዳር ውስጥም እንዲሁ ነው። ከ10 ዓመት ጋብቻ በኋላ በአንዱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁስል ቢወጣ፣ ቫይረሱ ለዓመታት ተኝቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ ብቻውን የክህደት ማስረጃ አይደለም።

አላህ በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ብዙ ጥርጣሬን እንድንርቅ አዝዞናል፤ ከጥርጣሬ ከፊሉ ኃጢአት እንደሆነም ነግሮናል። በሱረቱን ኑር ደግሞ ጥብቅ ሴቶችን ያለ አራት ምስክር በዝሙት የሚወነጅል ሰው ምን ዓይነት ከባድ ቅጣት እንደሚጠብቀው እናነባለን። ዲናችን አራት ምስክር የጠየቀበትን ነገር አንተ በአንድ የከንፈር ቁስል ልትፈርድበት ነውን?

ቀደርና ጥንቃቄ

አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው «የተጻፈልኝ ያገኘኛል» ብሎ ጥንቃቄውን ይተዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ቦታ ላይ በዚያ አገር ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ፤ ሶሐባዎችን አማክረውም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ዑመር የመለሱት ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እየሄዱ መሆኑን ነበር። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ጤነኛ ግመሎች ካሉት ሰው መንጋ ጋር እንዳይቀላቅል ከልክለዋል። ተወኩል ማለት ሰበብን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው።

መናገር እንዴት?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመጣ፣ በዲናችን ሁለት መሠረቶች አሉ። አንደኛው፣ መጉዳትም በጉዳት መመላለስም የለም የሚለው የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መርሕ ነው። ሁለተኛው ግልጽነት ነው። እውነት ተናግረው የዕቃቸውን ጉድለት የገለጹ ሻጭና ገዢ በግብይታቸው በረካ እንደሚያገኙ ሐዲስ ይነግረናል። በአንድ ከረጢት እህል ላይ ይህን ያህል ከተፈለገ፣ አላህ በቁርኣን «ጽኑ ቃል ኪዳን» ብሎ በጠራው ጋብቻ ላይማ እንዴት አብልጦ አይፈለግ!

የትኛው የጤና ሁኔታ ከኒካሕ በፊት መነገሩ ግዴታ እንደሆነ ዝርዝሩን ለምታምኑት ዓሊም ጠይቁ። የእኔ ምክር ግን ይህ ነው፦ ቁስሉ እንደሚመላለስብህ ካወቅህ ንገራት፤ ካወቅሽም ንገሪው። የብልት ሄርፒስ ያለበት ሰውማ ከኒካሕ በፊት በግልጽ መናገር አለበት፤ ሐኪምንም አብረው ቢያማክሩ መልካም ነው። ጊዜው የመጀመሪያው የትውውቅ ቀን አይደለም፤ የሠርጉ ዋዜማም አይደለም። ነገሩ ቁም ነገር ሲይዝ፣ ቤተሰብ ባለበት የአደብ ወሰን ውስጥ፣ በተረጋጋ ሰዓት ይሁን። ቃሉ አጭር ሊሆን ይችላል፦

«ከመወሰናችን በፊት እንድታውቅ የምፈልገው ነገር አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ አልፎ አልፎ ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣብኛል። የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ ብዙ ሰው አለበት። ሲወጣ እጠነቀቃለሁ፤ መድኃኒትም አለው። ጥያቄ ካለህ አብረን ሐኪም እንጠይቅ።»

በቃ። ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም፤ መታመም ጥፋት አይደለምና።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስጨንቅ አንድ ነገር አለ። «ያገኘኝ በወጣትነቴ በሠራሁት ኃጢአት ቢሆንስ?» ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሁለቱን ለዩ። የሰውነትህ ሁኔታ የትዳር አጋርህን ይመለከታታል፤ ሊነካት ይችላልና። የቶበትክበት ኃጢአት ግን በአንተና በጌታህ መካከል ነው። አላህ የሸፈነለትን ወንጀል ራሱ አውጥቶ የሚገልጥን ሰው ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነቅፈዋል። ስለዚህ ጤናውን ተናገር፤ ታሪኩን አትዘርዝር። አትዋሽም፤ ነገር ግን አላህ የደረበልህን መሸፈኛ አትገፍም። የተውበት በር ክፍት ነው፤ በሽታ ሳያጉረመርሙ ለታገሡት ኃጢአትን የሚያራግፍ መሆኑንም አትርሳ።

ለሚሰማው ሰው

የተነገረህ ነገር አማና ነው። ትዳሩ ባይሳካ እንኳ ለጓደኛ፣ ለእህት፣ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚወራ አይደለም። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፤ አንድ ቃል ከዋሽንግተን ተነሥቶ በአንድ ሌሊት ጅዳና አዲስ አበባ ይደርሳል። የሙስሊምን ነውር የሸፈነ ሰው አላህ በዱንያም በአኺራም ይሸፍነዋል። ለመወሰን ጊዜ መጠየቅ መብትህ ነው፤ ማዋረድ ግን መብትህ አይደለም። በሱረቱ አር-ሩም 21ኛው አንቀጽ አላህ በባልና በሚስት መካከል ፍቅርንና እዝነትን ማድረጉን ይነግረናል። እዝነት የሚለካው አንዱ ድክመቱን ለሌላው በተናገረበት ሰዓት ነው።

ሁለት ማሳሰቢያዎች

አንደኛ፣ አራስ ሕፃን። ይህ ቫይረስ ለአዋቂ ቀላል ቢሆንም፣ በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ሳምንታት ውስጥ ላለ ሕፃን ገዳይ ሊሆን ይችላል። ከንፈሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው፣ አባትም ቢሆን፣ ሕፃኑን አይሳም። ተሕኒክ የተወደደ ሱና ነው፤ ነገር ግን ቁስል ያለበት ሰው ቴምሩን አኝኮ ለሕፃኑ አያድርግ፤ ለሌላ ሰው ይተው። ሕፃኑ ትኩሳት ካለው፣ መጥባት ካቆመ ወይም ቆዳው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ከታየ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ሁለተኛ፣ ዑምራና ሐጅ። የመካ ፀሐይና የጉዞው ድካም ምቹን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። መድኃኒታችሁን ያዙ፤ የፀሐይ መከላከያ ያለው የከንፈር ቅባትም ያዙ፤ በኢሕራም ጊዜ ግን ሽቶ የሌለበት ይሁን። ቁስል ካለባችሁ ጥቁሩን ድንጋይ ለመሳም አትጋፉ። ከሩቅ በእጅ ማመልከት በቂ ነው፤ ከእናንተ በኋላ የሚስመውን ወንድማችሁን ከጉዳት መጠበቅም ዒባዳ ነው።

አላህ ለታመሙት ሺፋን፣ ለፈሩት እርጋታን፣ ለሚጋቡት መተማመንን ይስጥ። ነውራችንን ይሸፍን፤ ምላሳችንንም ከሙስሊሞች ክብር ይጠብቅ። አሚን።

ወላሁ አዕለም።