የሳህኑ ሰዓት

በነገሌ ቦረና የቀትር ሙቀት ሥጋ ሳህን ላይ አይቆይም። ጠዋት ከልኳንዳ ቤት የመጣ የፍየል ሳንባ ተከትፎ ወለል ላይ ቢቀመጥ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ዝንብ ይወረዋል፤ ጉንዳኑም ሰልፉን ይዞ ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ከተማ ለድመት ምግብ ሰዓት ለማውጣት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እኔ ግን ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ከዝንብና ከጉንዳን ያልፍብኛል።

ሞልቶ የተተወ ሳህን ደግነት ይመስላል። የተከለከለ የለም፣ የሚለምን የለም፣ የራበው መጥቶ ይበላል። ሦስት ድመት ባለበት ቤት ግን ማታ ባዶውን ሳህን ያነሳ ሰው ማን እንደበላና ማን እንዳልበላ ሊያውቅ አይችልም። ጉልበተኛው ሁለቴ ጠግቦ ሊሆን ይችላል፤ ፈሪዋ ደግሞ አልጋ ሥር እንደተኛች መሽቶባት ይሆናል። ድመት ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ ናት። አትጮህም፣ አታነክስም፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ምግብ መተዋ ነው። ቀኑን ሙሉ የማይጎድል ሳህን ያን ምልክት ይሸፍነዋል። በሰዓቱ፣ ለየራሳቸው ሳህን ሲቀርብላቸው ግን የቀረችው ወዲያው ትታወቃለች፤ መጥታ አሽትታ የተመለሰችውም ትታወቃለች።

የድመት ተፈጥሮ በዚህ ላይ የራሱ ክርክር አለው፤ ክርክሩም እውነት ነው። የቤት ድመት የተገኘችው ዛሬም በቦረና ቁጥቋጦ ውስጥ ከምትኖረው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ቆጵሮስ ላይ ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት የተገኘችበት መቃብር 9,500 ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ሆዷ ብዙም አልተለወጠም። አንዲት አይጥ 30 ካሎሪ ገደማ ትሰጣለች። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ያስፈልጋታል፤ ይህም ሰባት ስምንት አይጥ ማለት ነው፣ ሰባት ስምንት ትንንሽ ማዕድ። እንግዲህ ሰዓት ማስያዝ ማለት ምግቧን በቀን አንዴ መወርወር ከሆነ ግፍ ነው። ሦስት አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ መስጠት ግን ከተፈጥሮዋ አይጣላም። ዋናዎቹ ሰዓቶች ጎሕ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ ቢሆኑ ደግሞ ይበልጥ ይስማማታል፤ የዱሯም ድመት በእነዚያ ሰዓቶች ታድናለች።

በዚህ ረገድ አገሩ ያግዛል። ነገሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን አምስት ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ጀንበር ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትወጣለች፣ ትገባለችም። የእኔ ድመቶች የማታ ምግብ የሚያገኙት የመግሪብ አዛን ሲሰማ ነው። አዛኑ ሳይጀመር ከግቢው ማዕዘን ሁሉ ተሰብስበው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። የእንስሳ አካል ይህን ይማራል፤ ጉበት እንኳ በምግብ ሰዓት የሚቃኝ የራሱ ሰዓት አለው። በረመዳን በየቤቱ ሳምቡሳው ተጠብሶ ቴምሩ ተደርድሮ ሰው ሁሉ ያችን ድምፅ ሲጠብቅ፣ እነሱም ያችኑ ይጠብቃሉ።

ከዳዋ ወንዝ ማዶ፣ በድሬና በዱብሉቅ በኩል፣ ቦረናዎችም እንዲህ ያለውን፣ እንደ ልብ ከመጠቀም ወደ ተራ መሸጋገርን፣ ከከብቶቻቸው ጋር በየዓመቱ ያልፉበታል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው የጋና ዝናብ ኩሬውን ሲሞላው ከብቱ ከግጦሹ መሐል ጎራ እያለ ባሻው ጊዜ ይጠጣል። ኩሬው ሲነጥፍ ወደ ዘጠኙ ቱላ፣ ኤላ ወደሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ይመለሳል። ያኔ ውሃ ተራ አለው፤ በድርቁ ወራት ከብት የሚጠጣው በየሦስተኛው ቀን ነው፣ ግመል ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። ወንዶቹ ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ ተደራርበው ቆመው፣ ኦኮሌ የተባለውን የቆዳ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃውን ወደ ገንዳው ያወጡታል። ተራውን የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው። መንጋው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ሲጠራ ይገባል፣ ጠጥቶ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል።

ስለዚያ ገንዳ ሳስብ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣብኛል። ኩሬ ላይ የሚጠጣ ከብት ጠጥቶ ይበተናል፤ ገንዳው ላይ ግን እያንዳንዷ ላም በባለቤቷ ዓይን ሥር አንገቷን ትደፋለች። ያነከሰችው፣ የከሳችው፣ ውሃው ቀርቦላት ያልጠጣችው ትታያለች። ደግሞም ተራው ከከብቱ ይልቅ የሚያስረው ሰውየውን ነው። ኩሬ ሞልቶ ሳለ እረኛው ቢዘገይ ከብቱ አይጠማም፤ በቱላው ቀን ውሃ ቀጂው ከቀረ ግን መንጋው ተጠምቶ ይመለሳል። ድመቶቼ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁኝም ሰዓቱ የታሰረው በእኔ ላይ ነው። ሥራ ቢበዛ፣ እንግዳ ቢመጣ፣ መንገድ ቢወጣ፣ ለዚያች ሰዓት ሰው መተካት አለብኝ። ሞልቶ የተተወ ሳህን ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደርግ ነበር።

በዚህ አገር ስለ ድመት ሳህን ስጽፍ እጄን የሚይዘኝ ነገር አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ፣ የቦረና ከብት እየወደቀ በየመንገዱ ዳር ቀርቷል፤ ብዙ አባወራ ባዶ በረት ታቅፎ ቀርቷል። የድመትን ድርሻ መስፈር ከዚያ ሐዘን አጠገብ የሚቆም ነገር አይደለም። ሆኖም በዚያን ጊዜም የተገኘችውን በቆሎና የእርዳታ ስንዴ ከአይጥ የጠበቁት ድመቶች ነበሩ፤ የሚገባቸው አላቸው።

በገበያው በኩል ሱቅ ያላቸው አንድ ጎረቤቴ በዚህ አይስማሙም። «ልጄ፣ የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም» ይሉኛል። በጆንያ መካከል ያረጁ ሰው ናቸው፤ የማናግራቸው በአክብሮት ነው። «ጋሼ፣ የጠገበችም ታድናለች፤ እጅግ የራባት ግን ለአደን አቅም ያጥራታል» እላቸዋለሁ። ይህ የእኔ አባባል ብቻ አይደለም። ድመቶች የሚወዱትን ምግብ እየበሉ ሳለ አይጥ ሲለቀቅባቸው፣ ምግቡን ትተው አይጡን ገድለው እንደሚመለሱ በጥናት ታይቷል። ማደን ከረሃብ የተለየ የራሱ ግፊት አለው። ድመትን ጎተራ እንድትጠብቅ ብሎ ማስራብ እሷንም ያከሳታል፣ ጎተራውንም አያድንም።

እንደ ልብ መብላት የለመደችውን ድመት ሰዓት ማስለመድ ቀስ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው። የቀኑ መጠን አይቀነስም፤ ብቻ ይከፋፈላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አራት ጊዜ፣ ካስፈለገም አምስት ጊዜ ይቀርባል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይና ይነሳል፣ ኋላ ልዩነቱ ይሰፋል። ውሃው ግን ከቶ አይነሳም። እንጀራ በሽሮ ብቻም አይበቃም፤ ድመት ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋትን ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋ ነው።

ድመትን በረሃብ አስገድዶ ማስለመድ አደገኛ ነው። ከብት በየሦስተኛው ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየት ይችላል፤ ድመት ግን ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ጉበቷን ያደክመዋል፤ ዓይኗና ድዷ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ መመለስም ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ ሳህኗን ያልነካች ድመት ካለች ሰዓቱ ይፈርሳል፤ የምትወደው ነገር በእጅም ቢሆን ይቀርብላታል፣ ሐኪም ካለም ትታያለች።

ግልገል ላላትና ለምታጠባ ድመትም ሰዓት የለም። ቦረናዎችም ጥጆችን ረጅሙን መንገድ ወደ ቱላው አይነዱም፤ ሴቶቹ ውሃ ተሸክመው እሰፈሩ ድረስ ያመጡላቸዋል። ከሦስቱ ድመቶቼ አንዷ አሁን ጓዳ ውስጥ አራት ወልዳ ተኝታለች። ሥጋው በዚህ ሙቀት እንዳይበላሽ ለእሷ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ቀኑን ሙሉ እተካላታለሁ። ሁለቱ ግን በአዛኑ ሰዓት ይበላሉ። ግልገሎቹ ስምንት ሳምንት ገደማ ሞልቷቸው ጡት ሲተዉ እሷም ወደ ተራዋ ትመለሳለች፤ እነሱ ግን እስኪጠነክሩ ድረስ በቀን አራት ጊዜ ይበላሉ።