ሕግና መነሻ

በኮሌጅ የዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን ትምህርት የሚጀምር ተማሪ አስቀድሞ የሚማረው የለውጥን ሕግ ነው። በተቈረጠ እንጨት ውስጥ ያለው ካርቦን 14 የሚጐድለው በቀረው መጠን ልክ ስለ ሆነ፥ በ5,730 ዓመት ገደማ እኩሌታው ያልቃል። ነገር ግን ዛሬ የቀረው ቢለካም፥ በመጀመሪያ ስንት እንደ ነበረ ካልታወቀ የእንጨቱ ዕድሜ አይታወቅም። ከአንዱ ሕግ የማይቈጠሩ መንገዶች ይወጣሉና፥ እውነተኛውን የሚለየው መነሻው ነው።

እንግዲህ በሰው ሥራ ላይ ለሚፈርድ ከዚህ ተማሪ ያነሰ ጥንቃቄ ይበቃዋልን? ሕጉ ለሁሉ አንድ ነው፤ የተነሡበት ስፍራ ግን ልዩ ልዩ ነው። ዛሬ እኩል የቆሙ ሁለት ሰዎች፥ አንዱ ከከፍታ ወርዶ፥ ሁለተኛው ከጥልቅ ወጥቶ ይሆናል። መነሻን መጠየቅ ጥፋትን አያስተሰርይም፤ ያልጠየቀ ዳኛ ግን ስሌቱን ሳይጨርስ ፈርዷል።