የተሰወረውን መግለጥና ሰውን መፍረድ

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ማንበብ ለክርስቲያን ይገባልን? በነፍስ ግድያ ተጀምሮ በእስራት የሚፈጸም መጽሐፍ ለነፍሳችን ምን ይጠቅማል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ከበስተጀርባው አንድ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሌላውን ሰው በደል ተከታትለን በደረስንበት ጊዜ የሚሰማን ደስታ ከየት ይመጣል? የሚለው ነው። ይህንን ለመመርመር የጃፓንን ቀደምት የምርመራ ድርሰቶች እንደ ምሳሌ እንውሰድ።

በጃፓን ይህን የድርሰት ዓይነት በጽኑ መሠረት ላይ ያቆመው ኤዶጋዋ ራምፖ (1894–1965 እ.ኤ.አ.) ነው። የብዕር ስሙን ያገኘው የአሜሪካዊውን ደራሲ የኤድጋር አለን ፖን ስም በጃፓንኛ አነባበብ በማስመሰል ሲሆን፣ የመጀመሪያው የምርመራ ታሪኩ የታተመው በ1923 ነበር። ራምፖ ከሚያደንቃቸው የምዕራብ ደራስያን አንዱ፣ የአባ ብራውንን ታሪኮች የጻፈውና በ1922 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገባው ቼስተርተን ነው። ከራምፖ በኋላ የተነሣው ዮኮሚዞ ሴይሺ ደግሞ ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ በ1946፣ በረዶ በከበበውና ከውስጥ በተዘጋ ቤት ሙሽሮች በሠርጋቸው ሌሊት ሞተው ስለ መገኘታቸው ጻፈ።

በእነዚህ ድርሰቶች ውስጥ በደራሲውና በአንባቢው መካከል አንድ ውል አለ፤ መርማሪው ያየውን ምልክት ሁሉ አንባቢውም ሊያየው ይገባል። ይህንን ደንብ በ1929 በዐሥር ትእዛዛት መልክ ያዘጋጀው እንግሊዛዊው የካቶሊክ ካህን ሮናልድ ኖክስ ነበር። ካህን በዚህ መድከሙ አያስደንቅም። የሰው አእምሮ እውነትን እንዲፈልግ ተፈጥሯልና። የአቤል ደም ከምድር ወደ ፈጣሪ እንደ ጮኸ ሁሉ፣ በግፍ የፈሰሰ ደም ተሸፍኖ እንዳይቀር ልባችን ይሻል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደስታችን ንጹሕ ነው ማለት እንችላለን፤ የፍትሕ ረኀብ ነውና።

ነገር ግን በዚህ ብቻ የምናቆም ከሆነ አንድ አደጋ አለ። ሟቹ የእንቆቅልሽ መነሻ፣ ገዳዩም የእንቆቅልሽ መልስ ብቻ ሆኖ ይቀርና ሁለቱም ሰው መሆናቸው ይረሳል። ይህንን የተረዳው ማትሱሞቶ ሴይቾ (1909–1992) ነው። በድህነት ያደገውና ትምህርቱን ገና በልጅነቱ ያቋረጠው ይህ ደራሲ፣ «ማን ገደለ? እንዴት ገደለ?» ከሚለው ይልቅ «ለምን ገደለ?» የሚለውን አስቀደመ። በ1958 በመጽሐፍ መልክ በወጣው «ነጥቦችና መስመሮች» በተሰኘው ሥራው አንድ የመንግሥት ሠራተኛና አንዲት ሴት በባሕር ዳር ሞተው ይገኛሉ። ሁሉም በፍቅር ተስማምተው ራሳቸውን ገደሉ ሲል፣ አንድ ሽማግሌ መርማሪ ግን በሟቹ ኪስ በተገኘ የባቡር ምግብ ቤት ደረሰኝ ላይ ዐይኑ ያርፋል። ደረሰኙ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ተዋዶ አብሮ ሊሞት የሚጓዝ ሰው እንዴት ብቻውን ይበላል? ከዚህች ትንሽ ጥያቄ የባለ ሥልጣናት ጉቦ ይገለጣል።

በ1961 የታተመው «የአሸዋ ዕቃ» ግን ከዚህም ይልቅ ልብ ይነካል። ጡረታ የወጣ አንድ ደግ ፖሊስ በቶክዮ ተገድሎ ይገኛል። ጠላት የሌለውን ሰው ማን ይገድለዋል? መርማሪው አገር ለአገር ተንከራትቶ የደረሰበት እውነት መራራ ነው። ገዳዩ ስሙ እየገነነ የመጣ የሙዚቃ ሰው ነው። በልጅነቱ የሥጋ ደዌ ከያዘው አባቱ ጋር በየመንገዱ እየለመነ ሲዞር፣ አባቱን ለሕክምና የላከለት፣ እርሱንም ያስጠጋው ያ ፖሊስ ነበር። ልጁ ኋላ ስሙንና ትውልዱን ለውጦ ከትልቅ ቤት ሊያገባ በተቃረበ ጊዜ፣ ፖሊሱ በናፍቆት ሊያየው መጣ። ያን ጊዜ ገመናው እንዳይገለጥ ፈርቶ ደግ ያደረገለትን ሰው ገደለው።

ይህ ፍርሃት የደራሲው ፈጠራ ብቻ አልነበረም። በጃፓን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ከሰው የሚለየው ሕግ የተጀመረው በ1907 ሲሆን፣ የተሻረው መድኃኒቱ ከተገኘ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1996 ነበር። በ2001 የኩማሞቶ ፍርድ ቤት ያ ማግለል ሕገ መንግሥቱን የጣሰ መሆኑን ፈረደ። እኛም አገር እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ከጎረቤት ዐይን ሲሸሸግ ኖሯልና ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ በደለኛው ማን ነው? መልሳችን ሁለት ወገን አለው። ገዳዩ ገዳይ ነው፤ ፍርሃት የሰውን ተጠያቂነት ሊያቀልል ይችላል እንጂ ክፉውን መልካም አያደርገውም። በሌላ ወገን ግን ድሀውን ልጅ በአባቱ እንዲያፍር ያስተማረው ማኅበረሰብ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። በዚያው አገር፣ በጎተምባ፣ ፈረንሳዊው ሚሲዮናዊ አባ ቴስትቪድ በ1889 የተገፉትን ሕሙማን የሚቀበል ቤት ከፍተው ነበር። ሁለቱም መንገዶች፣ ማግለልም መቀበልም፣ በሰው ፊት ክፍት ነበሩ ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? እውነትን መፈለግና የሰውን ገመና ማደን አንድ አይደሉም። በየደጃችን፣ ከቅዳሴ በኋላም በየአጥሩ ሥር፣ የሌላውን ኀጢአት እንደ መርማሪ የምንከታተል አንጠፋም። እውነተኛ መርማሪ ግን ማስረጃ ሳይዝ አይናገርም፤ ይዞም በደስታ አይፈርድም። በምሥጢረ ንስሐ ደግሞ ማንም ሳያሳድደው ሰው ራሱ ተነሥቶ በደሉን ያወጣል፤ የሰማው ካህንም ለዘለዓለም ያትመዋል። የተሸሸገ ነገር ያለ ምሕረት ሲገለጥ ሰውን ይሰብራል፤ በምሕረት ሲገለጥ ግን ያድነዋል።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ወጣቶችን እንዲህ ካለ መጽሐፍ አትከልክሏቸው፤ ይልቁንም አንብበው ሲጨርሱ ጠይቋቸው። ገዳዩን ማወቅ ቀላል ነው። ያ ልጅ ከአባቱ ጋር በሰፈራችን ቢያልፍ ኖሮ ደጃችንን እንከፍትለት ነበር ወይ? ይህንን ጥያቄ እኛም ከእነርሱ ጋር እንመልስ።