የሽንት ጨርቁን ማን ያጥባል?

ልጆቼ፣ በተለይ የመጀመሪያ ልጃችሁን የምትጠብቁ፣ የዳይፐር ዋጋ ሲያስመርራችሁ “ለምን እንደ ድሮው በጨርቅ አናሳድግም?” ማለት ጀምራችኋል። ደግ አስባችኋል፤ እኔም ምረጪ ብትሉኝ ጨርቁን እመርጣለሁ። ግን ጨርቅ የመረጠ ሰው ማጠብንም መርጧል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ ማን እንደሚያጥበው ተነጋገሩ።

“እናቶቻችን በጨርቅ አሳደጉን” እያልን ስንኮራ አጣቢዋን እንረሳታለን። በብዙ ቤት አጣቢዋ ወገቧ ገና ያልጠና አራስ፣ ከትምህርት ቤት የቀረች ታላቅ እህት፣ ወይም በደመወዟ ላይ ምንም ያልተጨመረላት የቤት ሠራተኛ ነበረች። በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ከቀረበው ከፓምፐርስ በስተጀርባ ያለው የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል መሐንዲስ ቪክቶር ሚልስም የልጅ ልጁን ጨርቅ መቀየር ያታከተው አያት እንደነበር ይነገራል። እናቶች ዕድሜ ልካቸውን የተሸከሙትን እሱ ጥቂት ቢቀምሰው መላ ፈለገለት። እንግዲህ የሚጣለውን የምትገዛ እናት ስታዩ ሰነፍ ናት ብላችሁ አትፍረዱባት።

ታዲያ ጨርቁን ለምን እመርጣለሁ? አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል። የሚጣለው ባለቀ ቁጥር ይገዛል፤ 24 ያህል ጥሩ የጥጥ ጨርቅ ግን በየሁለት ቀኑ እየታጠበ ልጁን ፖፖ እስኪለምድ ያደርሰዋል፣ ለታናሹም ይተርፋል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ጡት የሚጠግብ ሕፃን ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ቢያንስ 6 ጊዜ ያረጥባል። የሚጣለው ዳይፐር ውስጥ ያለው ውሃ መጣጭ ዱቄት ሽንቱን ስለሚውጠው ጀማሪ እናት ይርጠብ አይርጠብ ትጠራጠራለች። ጨርቅ ግን ወዲያው በእጅ ይታወቃል። ቁጥሩ ካነሰባችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሦስተኛው የምንጥለው ነገር የሚሄድበት ቦታ ነው። ዳይፐር ፕላስቲክ ስላለበት አፈር ውስጥ ቶሎ አይበሰብስም። አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ለአሥርተ ዓመታት የደፋችው ቆሼ ላይ ነው፤ ክምሩ መጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ከነዓይነ ምድሩ ጠቅልላችሁ የምታወጡትንም በማዳበሪያ የሚሸከሙት በየቤታችሁ የሚዞሩት ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ናቸው። ነገር ግን ጨርቅም በራሱ ጻድቅ አይደለም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሁለቱ በአየር ንብረት ላይ የሚያሳድሩት ጫና ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው አስተጣጠቡ ነው። ማሽኑን ሞልቶ የሚያጥብ፣ ገመድ ላይ የሚያሰጣና ለሁለተኛ ልጅ የሚያቆይ ሰው የጨርቁን ጫና በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ሁሉንም በማድረቂያ ማሽን የሚያደርቅ ግን ከሚጣለውም ይብስበታል። ውጭ አገር ያላችሁ ይህችን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ያገለገለ ነጠላ ለአራስ ገላ ይለሰልሳል። አዲስ አቡጀዲ ከሆነ ደጋግማችሁ በሙቅ ውሃ እጠቡት፤ ያኔ ነው ሽንት የሚመጠው። ከዘመድ የመጣ ወይም ሣጥን ውስጥ የቆየ ጨርቅ ናፍታሊን ከሸተተ ለሕፃን አታልብሱት። የናፍታሊን ሽታ አንዳንድ ሕፃናትን ቀይ የደም ሕዋሳቸውን እያፈረሰ ለከባድ የቢጫ በሽታ ይዳርጋል።

ዓይነ ምድሩን መጀመሪያ ሽንት ቤት አራግፉ። “የሕፃን ነው፣ ምን አለው?” አትበሉ፤ ተቅማጥ የሚያስይዘው ተሕዋስ ከሕፃንም ይወጣል። በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት የወሰደ ልጅም ቫይረሱን ለሳምንታት በዓይነ ምድሩ ያስወጣል። ስለዚህ የሽንት ጨርቅ ሳፋ ለብቻው ይሁን፣ እጃችሁንም ሁልጊዜ በሳሙና ታጠቡ። ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ አረፋው እስኪጠፋ አጥሩት፤ የቀረ ሳሙና የልጁን ገላ ያቀላዋል። ልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ፤ ጨርቁን ሸፍኖ ውሃ እንዳይመጥ ያደርገዋል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣላችሁ የመጨረሻውን ማጥሪያ አትድፉት፤ ለሚቀጥለው መዘፍዘፊያ ይሆናል።

ማድረቂያው ፀሐይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ እርጥብ የቀረውን ካውያ ይጨርሰዋል። በሞቃታማው የአፍሪካ ክፍል እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሏን የምትጥል ዝንብ አለች፤ እጮቹ ቆዳ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ባለ አካባቢ የምትኖሩ፣ ጨርቁን በሁለቱም በኩል ሳትተኩሱ ለልጅ አታድርጉ። ስትጠቀልሉም እግሮቹን ቀጥ አድርጋችሁ አትሰሩ፤ ጉልበቱ ታጥፎ፣ ጭኑ ከፈት ብሎ እንዲንቀሳቀስ ተዉለት። ጥብቅ ጥቅልል የዳሌን መጋጠሚያ ያናጋል።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ከተሸከመው ግን የተረፈው ብር የዚያ ሰው ጉልበት ነው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ባል ማታ ይዘፍዝፍ፣ ቅዳሜና እሁድም ማጠቡ የሱ ይሁን። ሠራተኛ ካላችሁ ሥራው መጨመሩን ነግራችሁ ደመወዟን ጨምሩ፤ ከዳይፐር ከምታተርፉት ላይ ለሷ ቢደርሳት አይጎዳችሁም። ሊጠይቁ የሚመጡት እናትና አማትም ከገንፎው ሌላ አንድ ገመድ ጨርቅ ቢያጥቡ ለአራሷ ትልቅ ስጦታ ነው።

ሁሉንም በአንዴ ለመተውም አትማሉ። ቀን ቤት ስትውሉ ጨርቅ፣ ሌሊትና መንገድ ስትወጡ የሚጣለውን ብታደርጉ ማንም አይከሳችሁም። ውሃ ከሳምንት በላይ የጠፋ እንደሆነ፣ ወይም እናቲቱ የታመመች እንደሆነ፣ ዳይፐሩን ያለ ሐፍረት ግዙ። ለልጁ የሚያስፈልገው ቶሎ ቶሎ ተቀይሮ ደርቆ መዋሉ ነው፤ በምን እንደደረቀ እሱ አይጠይቃችሁም። እግዜር በጤና ያሳድግላችሁ።