በሌለ አገር የተጓዘ ሰው ምን ይዞ ይመለሳል?

በካህናትም በከተማ ሰዎችም ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ያልተፈጠረ አገር፥ ያልተወለደ ጀግና፥ ዐይን ያላየው ዘንዶ የሚተረክበትን መጽሐፍ ማንበብ ይገባልን ወይስ ዕድሜን በከንቱ ማሳለፍ ነው የሚል ነው። ነገሩ የሥራ ፈቶች ክርክር ይመስላል፤ ዳሩ ግን ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይደርስበታል። ልጁ ዳዊቱን ወይም የትምህርት ቤት መጽሐፉን ትቶ በጀብዱ ታሪክ ላይ አቀርቅሮ ያገኘው አባት፥ መጽሐፉን ቢነጥቀው ንባብን የሚያስጠላው፥ ቢተወውም ልቡን በሐሰት የሚያሳድገው እየመሰለው በሁለት አሳብ ይያዛል።

ነቃፊዎች የሚያቀርቡት ክስ አጭር ነው። ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ መናገር ሐሰት ነው፤ ሐሰትን ደስ ብሎት የሚሰማም ከተናጋሪው ጋር ይቈጠራል ይላሉ። ክሱን መናቅ አይገባም፤ የሚያቀርቡት ሰዎች ለእውነት የሚቀኑ ናቸውና። ነገር ግን ሐሰት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ሐሰት ሰሚውን ለማታለል ታስቦ የሚነገር ነገር ነው። ስኳር የቀላቀለበትን ማር ንጹሕ ነው ብሎ የሚምል ነጋዴ ሐሰተኛ ነው። ተረት ነጋሪ ግን «ተረት ተረት» ብሎ ሲጀምር፥ ልጆቹም «የላም በረት» ብለው ሲቀበሉት፥ በመካከላቸው ውል ቆሟል፤ ከዚያ በኋላ ዝንጀሮ ቢናገር፥ ጅብ ዳኛ ሆኖ ቢቀመጥ፥ የተታለለ ሰው የለም።

በመጽሐፈ መሳፍንት በ9ኛው ምዕራፍ የጌዴዎን ልጅ ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች የተናገረው ነገር እንዲህ ያለ ነው። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ሄዱ፤ ወይራውም በለሱም ወይኑም እንቢ አሉ፤ እሾሁ ግን እሺ አለ ብሎ ነገራቸው። ዛፍ እንደማይሄድና እንደማይናገር ኢዮአታምም ሰሚዎቹም ያውቃሉ። ቢሆንም ወንድሞቹን ገድሎ የነገሠው አቤሜሌክ ማን እንደ ሆነ ከዚያ ንግግር ይልቅ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ነገር አልነበረም። በቅኔ ቤት ያደገ ሰውም ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። የቅኔ መምህር የደቀ መዝሙሩን ቅኔ ሲያርም፥ ሰሙና ወርቁ መስማማታቸውን ይመረምራል እንጂ ሰሙ የሚናገረው ነገር በርግጥ በዚህ ቀን በዚህ ቦታ ሆኗልን ብሎ ምስክር አይጠራም።

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍም ከዚህ ውል አልወጣም። አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ያሳተመው፥ በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የተጠራው መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበረ። ከልብ የተወለደ መሆኑን በደጁ ላይ ጽፎ የሚቀበል ቤት እንግዳውን አያታልልም።

ይሁን እንጂ አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። አባቶች እንደ እውነተኛ ታሪክ ያነበቡት መጽሐፍ ሰም ሆኖ ቢገኝስ? ከየመን መጥቶ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሰው አባ ዕንባቆም፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በ1553 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ መጽሐፈ በርለዓም ወይዋሴፍን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሰ። በዚያ መጽሐፍ አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጁ በሽታን፥ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳድገዋል። መነኵሴው በርለዓም ግን ዕንቍ የሚሸጥ ነጋዴ መስሎ ይገባና ለልጁ እውነቱን ይገልጥለታል። የዘመናችን ተመራማሪዎች የዚህ ታሪክ ሥር በሕንድ አገር ስለ ቡድሃ ሕይወት የሚነገረው ትረካ እንደ ሆነ፥ በዐረብኛ፥ በጊዮርጊያና በግሪክ ቋንቋ እየተላለፈ የክርስቲያን መጽሐፍ እንደ ሆነ ደርሰውበታል። እንግዲህ ሰሙ ሰም መሆኑ ሲታወቅ ወርቁ ወደቀን? ሰው እንደሚያረጅና እንደሚሞት፥ ይህንንም ከልጅ ለዘለዓለም መሸሸግ እንደማይቻል ያመለከተው ቃል ዛሬም እንደ ቆመ ነው። የወደቀው፥ የታሪክ ጸሐፊው ሊመዝነው የሚገባው ክፍል ብቻ ነው። ሁለቱን ለይቶ መመዘን የአንባቢ ሥራ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መለወጥ አለበት። «ይህ ነገር ሆኗልን?» ከማለት ይልቅ «በዚያ አገር የተጓዘ ሰው ምን ይዞ ይመለሳል?» ማለት ይሻላል። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ የሚሰጥ አገር ጉራጌ ነው። በጉንችሬ፥ በእነሞርና ኤነር ወረዳ መቀመጫ፥ በዙሪያዋም ባሉት መንደሮች፥ እንሰቱ ከቤቱ ጓሮ ቆሞ፥ ሰፊው ጀፎሮ ከቤቶቹ ፊት ተዘርግቶ ይታያል። በዚያ ጀፎሮ ብዙ ጐልማሳ ለንግድና ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ወጥቷል፤ ለመስቀልም በዚያው ጀፎሮ ይመለሳል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲመርቁት የሚመዝኑት የሄደበትን ርቀት አይደለም። መርካቶ ያየውን ሁሉ ቢያወራ ይሰሙታል፤ ዳሩ ግን እናቱን እንዴት እንደ ሰላመ፥ የታናናሾቹን ችግር እንደ ጠየቀ፥ የጐረቤቱን ለቅሶ እንዳልዘነጋ ይመለከታሉ። ወጥቶ የቀረ ሰው ይታዘንለታል፤ ተመልሶ የትውልድ ቤቱን የናቀ ሰው ግን ከቀረውም ይልቅ ያሳዝናል።

እንዲህ ባለ አገር የሚያድግ ልጅ የጀብዱ ታሪክ ሥርዓት ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ያውቀዋል፤ መውጣት፥ መቸገር፥ መመለስ ነው። ከዚሁ ከጉራጌ ምድር የተገኘው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ሺነጋ ስለሚባል የገጠር ልጅ በቸሃ ቋንቋ ጽፎ፥ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት፥ መጽሐፉ በ1964 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ ታትሟል። በዚያ መጽሐፍ ዘንዶ የለም፤ ግን ለሕፃን ልጅ ከመንደሩ ዳር ያለው መንገድ ራሱ ተአምር መሆኑ ይታያል።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን ጦቢያ ሊነበብ የሚገባው ነው። የጦር አለቃው ተማርኮ ሳለ አንድ ደግ ነጋዴ ያስለቅቀዋል፤ ልጁ ዋሕድም ያንን ውለታ ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል። እርሱ ራሱ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል፤ መንትያ እኅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ትነሣለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድንቅ ሁሉ ከአንድ ምስጋና ዕዳ የተነሣ ነው። ወጣት አንባቢ በመንገዱ አደጋ ሲደሰት፥ ውለታ ሳይከፈል መተኛት እንደማይገባ ሳያውቀው ይማራል። እንዲሁም በግእዝ ዜና እስክንድር ዓለምን ያሸነፈው ንጉሥ የሕይወትን ውኃ ፍለጋ ወደ ጨለማ ምድር ይገባል፤ ነገር ግን ሳያገኝ ይመለሳል። ንጉሥ ሁሉን ቢገዛ ሞትን እንደማይገዛ ለማስረዳት ከዚህ የሚሻል መንገድ በቀላሉ አይገኝም።

ከውጭ አገር መጻሕፍትም የእንግሊዛዊው የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሊጠቀስ ይገባዋል። ቶልኪን በ1916 በሶም የጦር ሜዳ የነበረ ሰው ነው፤ መጽሐፉም በ1954 እና በ1955 በሦስት ክፍል ወጣ። በዚያ ታሪክ ፍሮዶ የሚባል ታናሽ ፍጡር ባለቤቱን በሁሉ ላይ የሚያሠለጥን ቀለበት በእጁ ይገባል። ቀለበቱን ለደግ ሥራ እንኳ ሊገለገልበት አይችልም፤ በተሠራበት እሳት ውስጥ ሊጥለው ይሄዳል እንጂ። ከመንገድ ሲመለስም መንደሩ ተበላሽቶ ይቆየዋል፤ ባልንጀሮቹ ያቀኑታል፤ እርሱ ግን ቍስሉ አልሽር ብሎት በዚያ ቤት ዕረፍት ያጣል። ይህን ያነበበ ልጅ ድል ያለ ዋጋ እንደማይገኝ፥ አንዳንድ ጊዜም ዋጋውን የከፈለው ሰው ከድሉ እንደማይካፈል ይረዳል። ጦርነት ያለፈባት አገር ልጅ ይህን ማወቅ ያስፈልገዋል።

በዚህ ቦታ ካህናት የሚያነሡት ተገቢ ተቃውሞ አለ። እነዚህ መጻሕፍት አስማትና ሥራይ ይተርካሉ፤ በኦሪት ዘዳግም በ18ኛው ምዕራፍ ደግሞ ይህ ሁሉ የተከለከለ ነው። በ1997 እና በ2007 መካከል በሰባት ክፍል የወጣው የሮውሊንግ «ሐሪ ፖተር» በብዙ አገር በቤተ ክርስቲያን ሰዎች መካከል ክርክር ያስነሣው ስለዚህ ነው። ነገር ግን መተረክና ማስተማር አንድ አይደሉም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ28ኛው ምዕራፍ ሳኦል ወደ ዓይንዶር መናፍስት ጠሪ እንደ ሄደ ተጽፏል፤ አንባቢው ግን ከዚያ ሥፍራ የሚወጣው ፈርቶ እንጂ ጐምጅቶ አይደለም። መመርመር ያለበት እንግዲህ መጽሐፉ ሥልጣንን የሚያስመኝ ወይም የሚያስፈራ መሆኑ ነው። በሮውሊንግ ታሪክ ሞትን ለማምለጥ ነፍሱን የከፋፈለው ሰው ይጠፋል፤ ልጁ ግን ስለ ወዳጆቹ ለመሞት በፈቃዱ ይሄዳል። ከዚህ በተቃራኒ፥ ጀግናው በየገጹ ኀይል የሚጨመርለት፥ ምንም የማይከፍል፥ ማንንም የማይለምን፥ ማንንም የማያመሰግን መጽሐፍ ሞልቷል፤ በውስጡ አንድም ጠንቋይ ባይኖር እንኳ የሚጐዳ እርሱ ነው። ክፍሉ ተከታትሎ ቢወጣም ሁለተኛው የመጀመሪያውን ረኃብ ከማባስ በቀር የሚሰጠው የለም።

በአገራችንም የቅርብ ምሳሌ አለ። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን አሳተመ፤ «ራማቶሓራ»ም ተከተለው። የጣናን ገዳማት፥ የአባቶችን ምሥጢርና የዘመኑን ሳይንስ በአንድ ጀብዱ አስተሳስሮ የጻፈ በመሆኑ ብዙ ወጣት አነበበው። መጽሐፉን በደፈናው ማመስገንም መንቀፍም ፍርድን ማጓደል ነው። ጣና ቂርቆስን ወይም ዳጋ እስጢፋኖስን አስቦ የማያውቅ ወጣት በዚህ ምክንያት ስለ ገዳማትና ስለ ብራና መጠየቅ ከጀመረ ትርፍ ነው። ነገር ግን ውሉን ረስቶ ሰሙን እንደ ወርቅ የያዘ አንባቢ ቢኖር፥ ገዳሙ ደርሶ በልብ ወለድ የተነገረውን ስውር ነገር ሲፈልግ፥ በዕቃ ቤቱ ያለውን እውነተኛ ብራና ሳያይ ያልፋል። ጥፋቱ የደራሲው ብቻ አይደለም፤ ታሪክንና ልብ ወለድን ለይቶ እንዲያነብ ያላስተማረው መምህርም ይጠየቅበታል።

«ዕድሜ አጭር ነው፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ሳያልቁ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» የሚልም አይጠፋም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በአራተኛው መቶ ዓመት የአሕዛብን ድርሰት ስለ ማንበብ ለወጣቶች ሲጽፍ፥ ንብ በአበባ ሁሉ ላይ እኩል እንደማታርፍ፥ ካረፈችበትም ሁሉን እንደማትወስድ አመልክቷል። እርሱ የከለከለው ያለ ምርጫ መብላትን እንጂ መብላትን አይደለም። እንግዲህ ያ ሁለት አሳብ የያዘው አባት መጽሐፉን ከመንጠቅ ይልቅ ከልጁ ጋር ማታ ተቀምጦ ታሪኩን ቢያስነግረው፥ ጀግናው ምን እንደ ከፈለ፥ ለማን እንደ ተመለሰ ቢጠይቀው ይሻላል። ልጁ መልስ ካለው መጽሐፉ አልጐዳውም። መልስ ከሌለው ደግሞ የሚቀጥለውን መጽሐፍ አብሮ መምረጥ የአባት ፈንታ ነው።

ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ኢትዮጵያን ሳያያት፥ ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ስለ አገራችን የጻፈውን በ1735 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፥ በ1759 ደግሞ ራሴላስ ስለሚባል የኢትዮጵያ መስፍን ልብ ወለድ ጻፈ፤ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መልሶታል። ራሴላስ እንደ ይዋሴፍ ሁሉ ምንም በማይጐድልበት፥ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ተዘግቶ ይኖራል። ከእኅቱና ከአንድ ባለቅኔ ጋር ተራራውን ፈልፍሎ ይወጣና እስከ ግብጽ ይደርሳል፤ ደስታ የሞላበትን ኑሮ በባለጠጋውም በፈላስፋውም በባሕታዊውም ዘንድ ፈልጎ ያጣዋል። በመጨረሻ የዐባይ ሙላት ሲጐድል ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ ብለው ይቈርጣሉ፤ መጽሐፉም በዚያው ያልቃል። መድረሳቸውን ጆንሰን አልጻፈም። ያን የቀረውን መንገድ አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ፥ ወደ ገዛ ቤቱ ተነሥቶ በሚያደርገው ነገር ይጨርሰዋል።